ከእቴቴ ጋር በጋርባ ጉራቻ

እህቴ ሃምሳ አምስት ዓመት እስኪሆናት ድረስ ከአዲስ አበባ ውጭ ያደረችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር፤ ሁለቱንም ለለቅሶ፣ ቡታጅራ። ስለዚህ የካዛንቺሱ ቤታችን ፈርሶ ጎተራ ኮንዶሚኒየም አንዲት ክፍል ተከራይታ በገባች በአምስተኛው ወር፣ አንድ እሑድ ላንቻ እኔ ቤት ምሳ በልተን ስናበቃ፣ "ድንኳን ውስጥ ማደር እፈልጋለሁ" ስትል እኔም ባለቤቴም የምትቀልድ መሰለን።

"የት ነው ድንኳን የምታድሪው እቴቴ?" አልኳት።

"እዚያ ሐይቅ ዳር። ሆቴሉ ኮሪደር ላይ ያለው ፎቶ። አንተ ታውቀዋለህ።"

አውቀዋለሁ። እቴቴ ካዛንቺስ ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል ላውንደሪ ሠላሳ አራት ዓመት አንሶላ ስታጥብና ስትተኩስ ኖራለች። ከላውንደሪው ወደ ዕቃ ማመላለሻው ሊፍት በሚወስደው ኮሪደር ላይ አንድ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። ገደል ሥር የተኛ ጥቁር ውሃ፣ ዳሩ ላይ ሁለት ብርቱካናማ ድንኳኖች፣ ሌላ ምንም የለም። ጋሪዋን እየገፋች በቀን ስንት ጊዜ እንደምታልፈው እሷም አታውቀውም። እኔ የቱር መኪና ሹፌር ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን፣ "ያ ቦታ የእውነት አለ?" ብላ ጠይቃኝ ነበር። ባሌ ተራራ ላይ ነው፣ ጋርባ ጉራቻ ይባላል፣ በኦሮምኛ ጥቁር ሐይቅ ማለት ነው ብዬ ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ አላነሣችውም።

ባለቤቴ፣ "እቴቴ፣ ብርዱን የሚችሉት ይመስልዎታል?" አለቻት።

"ዕድሜዬን ሙሉ እንፋሎት ውስጥ ነው ያሳለፍኩት። አንድ ቀን በደንብ ይብረደኝ" አለች።

እናታችን የሞተችው እኔ ስድስት፣ እቴቴ ሃያ ዓመታችን ሳለ ነው። አባታችን ከዚያ በፊት ነበር የሞተው፤ እኔ መልኩን እንኳ አላስታውሰውም። የቀረን ካዛንቺስ ያለችው የቀበሌ ቤት ነበረች፤ አንድ ክፍል፣ ከኋላዋ የጋራ ሽንት ቤት፣ ከዚያ ወዲያ ጋራዥ። ቡታጅራ ያለችው አክስታችን ለቅሶው ሲያበቃ እኔን ይዛ ልትሄድ ፈልጋ ነበር። እቴቴ እምቢ አለች። በዚያው ወር ሆቴሉ ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ "ልጄ" እያለች ነው የጠራችኝ፤ የማያውቁን ሰዎች እናቴ ትመስላቸው ነበር፤ ማናችንም አላረምናቸውም።

ትዳር አልያዘችም። ሰው ሲጠይቃት፣ "ጊዜ የት አግኝቼ?" ትላለች። ሰፈሩ ለልማት ሲነሣና የእኛ ቤት ተራ ሲደርስ፣ ሊፈርስ መሆኑን እያወቀች ጠዋት ተነሥታ ወለሉን ወልውላ ነው ቁልፉን ያስረከበችው። እኔ ዕቃ ስጭን አላየሁም፤ ጎረቤት ናት የነገረችኝ።

እና እሺ አልኳት። ከምሠራበት ቢሮ ሁለት ድንኳን፣ ሁለት ስሊፒንግ ባግና ትንሽ የጋዝ ምድጃ ተዋስኩ። እሷ ወፍራም ሹራብና ለሁለታችንም ከሱሪ ሥር የሚለበስ ገዛች። ልወስዳት ስሄድ ልብሱን ሁሉ፣ የእኔን ካልሲ ሳይቀር፣ ተኩሳ አጣጥፋ ጠበቀችኝ። "ተራራ ላይ ማን ያየናል?" ስላት፣ "እኔ አይሃለሁ" አለች።

የሥራ ባልደረባዬ እንግዶች ሊቀበል ወደ ጎባ ሲሄድ ይዞን ሄደ። ጎባ አድረን በማግሥቱ ጠዋት ወደ ሰነቴ አምባ የሚያወጣውን መንገድ ይዘን፣ መኪናው ሊያደርሰን የሚችልበት ቦታ ላይ አወረደን። አስጎብኚያችን ሁለት ፈረሶች ይዞ እዚያው እየጠበቀን ነበር። የአካባቢው ሰው ነው፤ በእድሜ ከእቴቴ ብዙም አይርቅም፤ ንግግሩ ቁጥብ ነው። አንደኛው ፈረስ ላይ ዕቃውን ጭኖ ሲያበቃ፣ "እትዬ፣ እርስዎ በዚህኛው ላይ ይውጡ" አላት።

"ቆይ፣ መጀመሪያ በእግሬ ልሞክረው" አለች።

አንድ ሰዓት ያህል ሞከረችው። አየሩ ስስ ነው፤ አሥር እርምጃ ሄዳ ትቆማለች፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ዙሪያውን ታያለች፣ እንደገና ትሄዳለች። ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም የደጋ ተክሎች ሰው ቆሞ የሚጠብቅ እየመሰሏት ሁለት ጊዜ ሰላም ልትል አስባ እንደነበር ከዚያ በኋላ ነግራኛለች። ራሷን ሲያማት ፈረስ ላይ ወጣች። ያኔም ቢሆን አላማረረችም።

ሐይቁ ድንገት ነው የሚታየው። ከአንድ ጉብታ ላይ ስንወጣ ገደሉ ሥር ተኝቶ አገኘነው። እቴቴ ከፈረሱ ወርዳ ረጅም ጊዜ አየችው። ምን ትል ይሆን ብዬ ስጠብቅ፣ "ከፎቶው ያንሳል" አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "ፎቶው ግን ድምፅ አልነበረውም" አለች። ነፋሱ ገደሉን እየመታ ሲመለስ የሚሰጠው ድምፅ ነበር።

እዚያ ምንም የለም። ምንም ስል ማጋነኔ አይደለም። ቤት የለም፣ ሱቅ የለም፣ ኔትወርክ የለም። እንጨት ማንደድ አይፈቀድም፤ ቢፈቀድም እንጨት የለም። ውሃ ከገደሉ ከሚወርደው ጅረት ቀድተን እናፈላለን። ለሽንት ቤት አስጎብኚው በትንሽ አካፋ ከድንጋዮቹ ጀርባ ጉድጓድ ቆፈረልን። ድንኳኖቹን ከነፋሱ ለመከለል ትልልቅ ድንጋዮች ሥር ተከልናቸው፤ የእሱ ደግሞ ራቅ ብሎ ከፈረሶቹ ጋር። ፓስታ ልቀቅል ብዬ አርባ ደቂቃ ያህል ሳፈላው ቆየሁ፤ ያም ሆኖ ጥርስ ላይ ይንቋቋል።

"እዚህ ውሃ በደንብ ሳይግል ነው የሚፈላው" አለኝ አስጎብኚው፣ ቀድሞ ሊነግረኝ ሲችል። ከከረጢቱ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ አውጥቶ ለእቴቴ ሰጣት። ሦስታችንም ከእሷ እጅ በላን። ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ እንደ ቢላ መጣ፤ ወደየድንኳናችን ገባን።

ጠዋት ስነቃ እቴቴ ከእኔ ቀድማ ተነሥታለች። ድንኳኑ ላይ የተጋገረውን አመዳይ በመዳፏ እየፋቀች ፊቷ ላይ ትቀባዋለች። ሳቅ ሳቅ ይላት ነበር። ያን ቀን ረፋዱን ሁሉ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ቀይ ቀበሮ ስታይ አረፈደች። ቀበሮው የፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል፣ ፍልፈሉ ብቅ ሲል ይዘልልበታል፣ ያመልጠዋል፣ እንደገና ይጠብቃል። "ቁርሱን እስኪያገኝ አልነሣም" አለች፤ እስኪያገኝም አልተነሣችም። እኔ እሷን እያየሁ፣ ይህን ነገር ከአሥር ዓመት በፊት ላደርግላት እችል ነበር እያልኩ አስብ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር። ደስ ያለኝ የመጨረሻው ሰዓት ያ ነው ማለት ይቻላል።

ከሰዓት ሰማዩ ጠቆረና በረዶ መውረድ ጀመረ። ሁለታችንም እሷ ድንኳን ውስጥ ገብተን እግራችንን አጥፈን ተቀመጥን። በረዶው ሸራውን ሲደበድበው አጠገብ ለአጠገብ ሆነን እንኳ ጮክ ብለን ነው የምንነጋገረው። ትንሽ ጋብ ሲል፣ "አንድ ነገር ልንገርህ፤ እንዳትስቅብኝ" አለችኝ።

"አልስቅም።"

"ላገባ ነበር እኮ።"

እጄ ላይ የያዝኩትን ሻይ አስቀመጥኩ። "ማንን?" አልኩ። ማን እንደሆነ ግን አውቄያለሁ።

"ከቤታችን ጀርባ የነበረው ጋራዥ መካኒክ ነበረ። አንተን መሪ ያስይዝህ ነበር፣ ማለቴ፣ በቆመ መኪና ላይ። ትንሽ ስለነበርክ ላታስታውሰው ትችላለህ።"

"ትንሽ ትንሽ አስታውሰዋለሁ።"

"በአፉ የተናገረኝ ነገር አልነበረም። ግን ይታወቃል አይደል? ከሥራ ስመለስ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ስለ አንተ ይጠይቀኛል። አንድ ቀን፣ 'ጽፌ እልክልሻለሁ፣ በአፌ አልችልበትም' አለኝ። ጠበቅኩ። ምንም አልመጣም። በዚያ ሰሞን አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሞ አገኘሁትና ሰላም ስለው ፊቱን አዞረ። ከዚያ ሐዋሳ ሥራ አግኝቶ ሄደ ተባለ። በቃ።"

በረዶው እንደገና በረታ። እስኪያልፍ ጠበቀች። ከዚያ ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አየቻቸው።

"ምን አጥፍቼ ነው እያልኩ ብዙ ዓመት አስቤያለሁ። ያኔ የላውንደሪው ኬሚካል እጄን ልጦት ነበር። ጓንት አልነበረንም። እጄን አይቶ ይሆናል እል ነበር። ከዚያ በኋላ ሰው ፊት እጄን አልዘረጋም ነበር፤ ልብ ብለህ አታውቅም?"

ልብ ብዬ አውቃለሁ። ሰው ሰላም ስትል እጇን በነጠላዋ ሸፍና ነበር የምትጨብጠው። ሥርዓት ይመስለኝ ነበር።

እሷ ቀለል ያላት ይመስል ነበር። በረዶው ሲያበቃ ውጭው ነጭ ሆኖ ነበርና ወጥታ በጫማዋ እየረገጠችው ስትሄድ ድንኳኑ ውስጥ ቀረሁ።

የሆነው እንዲህ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቦኖ ውሃ ወረፋ ቆሜ ሁለት ሴቶች ስለ እኛ ሲያወሩ ሰማሁ። "ይህቺ ልጅ ልታገባ ነው መሰለኝ። ልጁን እንግዲህ አክስቱ ጋ ይልኩታላ" አለች አንደኛዋ። ከክፋት አልነበረም የተናገረችው። እኔ ግን ያን ሌሊት እህቴን አንገቷን ይዤ ነው የተኛሁት። በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ቀን መካኒኩ ጋራዡ በር ላይ ጠራኝና አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ። "ለእህትህ ብቻ ስጣት፤ መልሱን ታመጣልኛለህ" አለኝ። እሺ ብዬ ሮጥኩ። ከሽንት ቤቱ ጀርባ ቆሜ ገለጥኩት። ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ የመጀመሪያውን መስመር አነበብኩት፦ "እሑድ ከቅዳሴ ስትወጪ በሩ ላይ እጠብቅሻለሁ።" የቀረው የተያያዘ ጽሑፍ ነበር። ቀዳድጄ ጉድጓዱ ውስጥ ጣልኩት።

በማግሥቱ መካኒኩ፣ "ምን አለች?" አለኝ።

"አልፈልግም፤ ሁለተኛ እንዳትልክ አለች" አልኩት።

"እንደዚህ ብላ ነው ያለችው?"

"አዎ። ሌላ ሰው አላት።"

ይህን የመጨረሻውን ማንም አልጠየቀኝም፤ ከራሴ ነው የጨመርኩት። ራሴን ዳሰስ አደረገኝና ሲሠራው የነበረው ፊያት ሥር ገብቶ ተኛ። አልወጣም። ከዚያም በኋላ ቢሆን አልከፋብኝም። እስኪሄድ ድረስ መሪ ያስይዘኝ ነበር፤ ፍሬንና ፍሪሲዮን የቱ እንደሆነ የነገረኝ እሱ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አስጎብኚው ፈረሶቹን ወደ ሣሩ ሲወስዳቸው እቴቴ ሐይቁ ዳር ቁጢጥ ብላ ኩባያ ታለቀልቃለች። ሌሊቱን አልተኛሁም ነበር። ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ።

"እቴቴ፣ ደብዳቤው መጥቶ ነበር" አልኳት።

"የምን ደብዳቤ?"

"የመካኒኩ። ለእኔ ነው የሰጠኝ፤ ላንቺ እንዳደርስ።"

ኩባያውን ይዛ ቀና አለች። ሁሉንም ነገርኳት። ቦኖው ጋ የሰማሁትን፣ ሽንት ቤቱን፣ ሌላ ሰው አላት ያልኩትን። ስጨርስ ፊቷ ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም። ሩቅ ቦታ ስሟን የጠራት ሰው ያለ ይመስል የምታዳምጥ ነበር የምትመስለው።

"ምን ይላል?" አለችኝ።

"እሑድ ከቅዳሴ ስትወጪ በሩ ላይ እጠብቅሻለሁ ይላል።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ በኋላ ያለውን አላነበብኩትም።"

"እስከ መጨረሻው አላነበብከውም?"

"አላነበብኩትም።"

"ብታነበው ኖሮ ጥሩ ነበር" አለች።

ኩባያውን ድንጋይ ላይ አስቀመጠች። ውሃውን እያየች፣ "ስንት ዓመትህ ነበር?" አለችኝ።

"ዘጠኝ።"

"ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። ልጅ ይፈራል።" ወደ እኔ ዞረች። "አሥራ ዘጠኝ ሲሆንህስ? ሃያ ዘጠኝስ? ስታገባ ያን ሁሉ ሕዝብ ሳስተናግድልህ፣ ያኔስ?"

ብዙ ጊዜ ልነግራት አስቤ ነበር ብል እውነት ነው፤ ግን አልነገርኳትም። ሰው እየሳቀ ሲኖር ያለፈውን እንደተወው አድርጎ ማሰብ ይቀላል፤ እኔም እንደዚያ አድርጌ ነው የኖርኩት።

አንድ ተጨማሪ ሌሊት ልናድር ነበር የመጣነው። እቴቴ አስጎብኚውን ጠርታ፣ "ዛሬ እንውረድ" አለችው። ፊቷን አይቶ ምንም አልጠየቃትም። ድንኳኗን ራሷ ነቅላ አጣጠፈችው፤ ከሆቴል እንደወጣ አንሶላ ጠርዝ ለጠርዝ አድርጋ። ልረዳት እጄን ስዘረጋ፣ "ተወው" አለች። ፈረሱ ላይ አልወጣችም። መንገዱን ሁሉ፣ ያን ሁሉ ዳገትና ሜዳ፣ ከፊት ከፊቴ በእግሯ ሄደች። እየቆመች ትተነፍሳለች፤ እኔም ከኋላዋ እቆማለሁ። አስጎብኚው ባዶውን ፈረስ እየሳበ ከእኔ ጎን ሲሄድ አንዴ ብቻ፣ "አመማቸው?" አለኝ። "አዎ" አልኩት።

መንገዱ ላይ ባገኘነው ጭነት መኪና ጎባ ገብተን አደርንና በማግሥቱ በአውቶቡስ ተመለስን። ጎተራ ስንደርስ ቦርሳዋን ተቀበለችኝና፣ "እደውላለሁ" አለች።

አልደወለችም። ሁለት ወር አለፈ። ባለቤቴ ስትደውልላት ታነሣለች፣ ልጆቹን ትጠይቃለች፣ ደህና ነኝ ትላለች። እኔ ስደውል አታነሣም። ምን እንደሆነ ለባለቤቴ ነገርኳት፤ ረጅም ጊዜ አይታኝ፣ "ይቅርታ የምትጠይቃት በምን ተብሎ ነው?" አለች። ጥያቄ አልነበረም።

ያኔ ነው ሁለተኛውን ጥፋት ያጠፋሁት፤ ሳደርገው ግን ጥፋት አልመሰለኝም ነበር። መካኒኩ ከሐዋሳ ተመልሶ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ቡልጋሪያ ሰፈር የራሱን ጋራዥ እንደከፈተ በሥራዬ ከሰማሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያ መንገድ መኪና ይዤ አላለፍኩም። አንድ ማክሰኞ ረፋድ ሄድኩ። ኮፈኑ የተከፈተ ሚኒባስ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ መነፅሩ በክር አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። ማን እንደሆንኩ ስነግረው ጊዜ አልወሰደበትም።

"አንተ ያ ልጅ ነህ?" አለኝ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ ጥላው ወሰደኝ፤ የዘይት በርሜል ላይ ተቀመጥን። የሆነውን ነገርኩት። ጨርቁን ሲያጣጥፍና ሲዘረጋ ቆየ።

"እሑድ ሰላም ስትለኝ ገርሞኝ ነበር" አለ። "እምቢ ያለች ሴት እንደዚያ ሰላም አትልም። መጠየቅ ነበረብኝ። ቤቷ እኮ ሃያ እርምጃ ነበር። ከሕፃን ሁለት ቃል ሰምቼ ኮራሁ። ሁሉንም አንተ ላይ አትጫነው።"

"ትዳር ያዙ?" አልኩት፤ አንቱታው ከአፌ ራሱ ወጣ።

"አገባሁ። ጥሩ ሴት ናት። ሦስት ልጆች አሉን።" ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣለና፣ "እጇ ዳነ?" አለኝ።

"ምን አሉኝ?"

"እጇ ይቆስል ነበር። ከፋርማሲ ቅባት ገዝቼላት ነበር፤ ደብዳቤውን ካነበበች በኋላ ልሰጣት። ሐዋሳ ይዤው ሄድኩ መሰለኝ። የት እንደገባ አላውቅም።"

ስወጣ እስከ በሩ ሸኘኝ። "ሰላም በላት" አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ፣ "ቆይ፣ አትበላት። ምንም አትበላት" አለ።

እኔ ግን ከዚያ ቀጥታ ጎተራ ነው የሄድኩት። አራተኛ ፎቅ ወጥቼ አንኳኳሁ። እቴቴ ከፈተች፤ ግባ አላለችኝም፤ በሩን ይዛ ቆመች። ከስታ ነበር።

"አገኘሁት" አልኳት።

"ማንን?"

"መካኒኩን። ቡልጋሪያ ጋራዥ አለው። ሁሉንም ነገርኩት። እቴቴ፣ ስለ…"

"ማን ላከህ?"

ወደ በሩ ጠጋ አልኩ።

"ማን ላከህ?" አለች ደግማ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ያኔ ሳትጠይቀኝ ስለ እኔ መልስ ሰጠህ። አሁን ደግሞ ሳትጠይቀኝ ሄደህ አወራህ። ሊሰማው ይፈልግ እንደሆነ አላውቅም። እንዲሰማው እፈልግ እንደሆነ እኔም አላውቅም። አንድ ጊዜ እንኳ እኔ ብወስን ምን ነበረበት?"

"ያለውን ልንገርሽ ብቻ።"

"አትንገረኝ። መስማት የፈለግኩ ቀን እኔ እጠይቅሃለሁ።"

በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ አንዲት ሴት የውሃ ጀሪካን ይዛ ስትወጣ አልፋኝ ሄደች፣ ምን ሆንክ ሳትለኝ። ስለ ቅባቱ የነገረኝን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለባለቤቴም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደወለች። የቧንቧዋ ውሃ ማጥፊያ ተበላሽቶባት ነበር። ስልኩን ሳነሣ፣ "ወንድሜ፣ እንደምን አደርክ?" አለችኝ። ወንድሜ ብላኝ አታውቅም ነበር። ሄጄ ሠራሁላት፤ ሻይ አፈላችልኝ፤ ስለ ልጆቼ ትምህርት አወራን። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ እንደበፊቱ ለምሳ ትመጣለች። ለባለቤቴ ሽንኩርት ትልጥላታለች፤ የልጆቼን የትምህርት ቤት ልብስ ወስዳ ተኩሳ ትመልሳለች። የምታደርገው ነገር አንዱም አልቀነሰም። ከእኔ ጋር ብቻ ጨዋ ሆነች፤ እንግዳ ሰው እንደሚሆነው፤ ወጥ ሳቀርብላት፣ "አመሰግናለሁ" ትለኛለች።

ባለፈው ጾም ሳይገባ አንድ እሑድ ምሳ በልተን በመኪና ወደ ቤቷ እያደረስኳት ነበር። መስኮቱን በትንሹ ከፍታ ወደ ውጭ ታያለች። ጎተራ ማሳለጫው ላይ መኪና ተጨናንቆ ቆምን። ወደ እኔ ሳትዞር፣ "ሸብቷል?" አለችኝ።

መጀመሪያ ማንን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም።

"ሸብቷል" አልኩ። "ሙሉ በሙሉ።"

"ወፈረ?"

"አልወፈረም።"

ራሷን ነቀነቀች። ከፊታችን ያለው ታክሲ ተንቀሳቀሰና እኔም ማርሽ አስገብቼ ተከተልኩት። ሌላ ነገር ትጠይቀኝ እንደሆነ ብዬ በዝግታ ነዳሁ። ብሎኩ ጋ ስንደርስ ቦርሳዋን አንሥታ፣ "እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድሜ" ብላ ወረደች።